ይሠራል፣ ግን አያሞቅም

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር እናንሳ። በየዘመድ ቤቱ ሳታዩት አትቀሩም፤ ማዕድ ቤቱ ጥግ ላይ ማይክሮዌቭ ተቀምጧል፣ በሩ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው ዳቦ ነው። «ተበላሽቶብን ነው፤ ዳቦውን ከአይጥ ይጠብቅልናል» ይሏችኋል። ያ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህት የላከችው፣ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ወንድም ከሌላው ጓዙ ቀንሶ በሻንጣው የጫነው ነው። እንዲህ የዳቦ ማስቀመጫ ሆኖ ሲቀር ሳይ ያንገበግበኛል፤ አብዛኛው በእርግጥ የሞተ አይደለምና። የማይክሮዌቭ ችግር ብዙውን ጊዜ ከብረት ሽፋኑ ውጭ ነው፦ መስመሩ ላይ፣ ሶኬቱ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ዘይት ላይ። ከሽፋኑ ውስጥ ያለውን ደግሞ እኛ የቤት ሰዎች አንነካውም፤ ለምን እንደማንነካው እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ የሚበዛው ስሞታ «ይሠራል፣ ግን አያሞቅም» የሚለው ነው። መብራቱ ይበራል፣ የመስታወት ሳህኑ ይዞራል፣ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይጮኻል። ወጡ ግን እንደገባ ቀዝቃዛ ሆኖ ይወጣል። ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ መብራቱና ሳህኑ ከሠሩ ዕቃው ደህና ይመስላል። ነገሩ ግን መብራቱ፣ ማራገቢያውና ሳህን አዟሪው ሞተር የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ቀጥታ ነው የሚጠቀሙት። የሚያሞቀው ሌላ ነው፤ ማግኔትሮን ይባላል። እሱ በ220 ቮልት አይነቃም። ውስጥ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ኤሌክትሪኩን ወደ 2000 ቮልት ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ካፓሲተርና ዳዮድ ተጋግዘው ደግሞ ወደ 4000 ያደርሱታል። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ሙቀት ብቻ የለም።

ማግኔትሮን ለማዕድ ቤት የተፈጠረ ነገር አይደለም። በ1940 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ለጦር ራዳር ብለው የሠሩት ዓይነት ነው ዛሬ ወጣችንን የሚያሞቀው። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1945፣ አሜሪካ ውስጥ ሬይቲዮን በተባለው ኩባንያ የሚሠራው ፐርሲ ስፔንሰር ከሚሠራ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የያዘው ጣፋጭ መቅለጡን አስተዋለ። በ1947 የተሸጠው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ የሰው ቁመት ያህል የሚቆምና ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነበር። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ትንሽ ሣጥን የራዳር ክፍል በሆዱ እንደያዘ ካወቅን አያያዛችንም ይለወጣል።

እንግዲህ «አያሞቅም» ከማለታችን በፊት እንፈትነው። አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር የሚሆን፣ የቧንቧ ውኃ አስገቡ። ኃይሉን ከፍተኛው ላይ አድርጉና 2 ደቂቃ ስጡት። ባለ 800 ዋት ጤነኛ ማይክሮዌቭ በዚህ ጊዜ ውስጥ ውኃውን ሊፈላ ጫፍ ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ እንዲያውም ይቀልለዋል። የማዕድ ቤት ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከዚህም አጥርቶ ሊለካ ይችላል። አንድ ሊትር ውኃ በሰፊ ሳህን አድርጎ ልክ 1 ደቂቃ ያሞቅ፣ ያማስል፣ የጨመረውን ዲግሪ በ70 ያባዛ። 10 ዲግሪ ከጨመረ ማይክሮዌቩ ወደ 700 ዋት እየሰጠ ነው ማለት ነው። ወጥ ለፈተና አይሆንም፤ ዳሩ ፈልቶ መሐሉ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ውኃ ግን እውነቱን ይናገራል።

ብርጭቆው ለብ ብቻ ካለስ? ጠጋኝ ጋ ከመሄድ በፊት ሰዓቱን እዩ። አመሻሽ ላይ ነው? ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ ነው? የራሳችሁስ ምጣድ በርቷል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፣ መስመሩም ይደክማል። መብራቱ ፈዘዝ ሲል የምናውቀው ይህንን ነው። ማይክሮዌቭ ደግሞ ለወረደ ቮልቴጅ ትዕግሥት የለውም። ቮልቴጁ ጥቂት ሲወርድ የሚሰጠው ሙቀት ከዚያ በበለጠ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ማግኔትሮኑ ከፍተኛውን ቮልት ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለችው ክር በደንብ መጋሏንም ይፈልጋል። ስለዚህ ያንኑ ብርጭቆ ውኃ በቀትር ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድገሙት። ያኔ በደንብ ካሞቀ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የታመመው መስመሩ ነው። ስንቱ ጤነኛ ማይክሮዌቭ በዚህ ምክንያት ተፈርዶበታል!

የምትሰኩበትንም እዩ። «800 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ለምግቡ የሚሰጠው ሙቀት ነው፤ ከግድግዳው የሚስበው 1200 ወይም 1300 ዋት ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ያለው ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከውኃ ማፍያ ጋር አብሮ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ኃይሉም እዚያው ይባክናል። ተጠቅማችሁ እንደጨረሳችሁ ሶኬቱን ንቀሉና ጫፉን በእጃችሁ ዳስሱት። የሚያቃጥል ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው፤ ውሎ ሲያድር እሳት ያመጣል፣ ሶኬቱ መለወጥ አለበት። ማይክሮዌቭ ከግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻውን ይሰካ። ስታቢላይዘር የምትገዙለት ከሆነም ለቴሌቪዥን የተገዛው አይበቃውም፤ የሚስበውን ዋት በልጦ የሚተርፍ ይሁን። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ማሳለፍ ነው፤ ቮልቴጁ የሚዘለው ያኔ ነውና።

አሁን ወደ ሻንጣው እንመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ የማወራው አለኝ። ከአሜሪካ የሚመጣው ማይክሮዌቭ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ቀጥታ ከተሰካ ታሪኩ ባጭር ያበቃል። ይህንንማ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስለዚህ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገዛል። የተገዛው ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። 1000 ዋት የሚያሞቅ ማይክሮዌቭ 1500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፤ ለእሱ ከ2000 ዋት ያላነሰ፣ ቢቻል 3000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ለጸጉር ማሽን የሚሆነውን አጠገቡ አታስቀምጡት።

ትልቁ ተገዛ እንበል። ያ ትራንስፎርመር የሚለውጠው ቮልቱን ብቻ ነው፤ ሄርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመታውን ምት፣ አይነካውም። ይህንን የሚነግር ሻጭ አላገኘሁም። ምልክቱ ደግሞ ፊት ለፊት ይታያል፦ የማይክሮዌቩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙዎቹ ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት በኤሌክትሪኩ ምት ስለሆነ፣ በሴኮንድ 60 የሚጠብቀው 50 ሲያገኝ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 4 ሰዓት ይጎድልበታል። ቤተሰቡ «ሰዓቱ ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። 1 ደቂቃ ብላችሁ ስትሞሉትም የሚሠራው 1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነው። ይህ እንኳ ይቻላል። የማይቻለው ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ ለ60 የተለካ ብረት በ50 ሲሠራ ይጨነቃል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ምግቡ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ግን ያንሳል። ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ሄርዙን ራሱ ስለሚለውጥ ይሻላል፤ ቮልቱን ግን እሱም ይጠይቃል።

ከሳውዲ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። የሳውዲ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ ነው፤ ዛሬ የሚሸጡት ዕቃዎች ቮልታቸው ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሰካሉ፣ ይበራሉ፣ ማንም አይጠረጥርም። የዱባይ፣ የኩዌት፣ የቤይሩት፣ የቴል አቪቭና የአውሮፓው ሁሉ 50 ሄርዝ ነው፤ እነዚህ እዚህም ይስማማቸዋል። የዱባዩ ችግር ሶኬቱ ብቻ ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው በየመንገዱ በሚሸጠው ቀላል ማገናኛ ይሰኩታል። ያ ማገናኛ አብዛኛውን ጊዜ የመሬት መስመር የለውም፣ 1200 ዋትም አይችልም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ የሽቦውን ጫፍ የመሬት መስመር ባለው የእኛ ዓይነት አስለውጡት። እና ውጭ ያላችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ከሆነ ዕቃውን አዙሩና ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ። «50» ወይም «50/60» የሚል ቁጥር ከሌለ ተዉት። ከአሜሪካ ማይክሮዌቭ ይዞ መምጣትን እኔ ጨርሶ አልመክርም። ያንን የሻንጣ ኪሎ ለሌላ ነገር አውሉት፤ ለማይክሮዌቩ ገንዘቡን ላኩ፣ እዚሁ ይገዛ።

ጭራሹን ዝም ያለውስ? መጀመሪያ ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክሩት። ሰሌዳው እየበራ ማስጀመሪያው እምቢ ካለ፣ የቁልፍ ምስል ካለ ተመልከቱ፤ የልጆች መቆለፊያ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ላይ የማቆሚያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ ይፈታዋል። ይህችን ቁልፍ ትንሽ ልጅ ነካክቷት ዕቃው ለጥገና የሚሄድበት ቤት ብዙ ነው። በሩን በእጃችሁ ገፋ ስታደርጉት የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የበሩ ማብሪያዎች ናቸው። በሩ ካልተዘጋ ማግኔትሮኑ እንዳይነሳ የሚጠብቁ ትናንሽ ማብሪያዎች ከበሩ መንጠቆ ጀርባ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። በሩን በኃይል መዝጋት፣ ሰዓቱ ሳያልቅ መክፈት ቶሎ ያደክማቸዋል። ከሦስቱ አንዷ ሥራዋ ልዩ ነው። ሌሎቹ ተበላሽተው በሩ ክፍት ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ካየች፣ ሆን ብላ ፊውዙን ታቃጥላለች። ስለዚህ የተቃጠለ ፊውዝ በማይክሮዌቭ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ያዳነ ሊሆን ይችላል።

ይህንን የማስረዝመው የምፈራው ነገር ስላለ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በመዳብ ሽቦ ማሰር የለመደ እጅ በአገራችን ብዙ ነው። ለሬዲዮም ለምንም አይገባም፤ ማይክሮዌቭ ላይ ግን በሩ ተከፍቶ የሚሠራ ማግኔትሮን ሊያመጣ ይችላል። ሽፋኑን ራሱ መክፈትም እንደዚያው ነው። ውስጥ ያለው ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። «ነቅዬዋለሁ እኮ» ያለ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ፣ ቴሌቪዥንም ምጣድም ተቆጥሮ፣ የማይክሮዌቭን ያህል ሲከፈት የሚያስፈራ የለም። ጎረምሳ ልጃችሁ ኤሌክትሮኒክስ ቢወድድ ሬዲዮ ስጡት፣ ይህንን አትስጡት። ጠጋኝ ስትመርጡም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ካፓሲተሩን እንዴት ነው የምታራግፈው?» መልሱን ሳያመነታ የሚነግራችሁ ሰው ዕቃውን ያውቀዋል። ፊቱን ያጠቆረ ከሆነ ዕቃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ለቆራሌው ስትሰጡትም ማግኔትሮኑን እንዳይሰባብር ንገሩት። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሸክላ መሰል ክፍል ሲደቅቅ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው።

አሁን ቀለል ወዳለው እንሂድ፤ የእሳት ብልጭታ። ውስጡ ጧ ጧ ሲል፣ ሰማያዊ ብልጭታ ሲታይ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ አጥፍቶ ምክንያቱን መፈለግ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የቡና ስኒ ነው። አብዛኛው የእኛ ስኒ ጠርዙ ወርቃማ መስመር አለው፤ ያ ቀለም ብረት ስላለበት ይፈነጥቃል። የቀዘቀዘ ቡና ማሞቅ ካስፈለገ በተራ ብርጭቆ ይሁን። (ቡና ደግሞ ማሞቅ ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ አልገባኝም፤ ጀበናው እያለ።) ማንኪያ፣ ፎይልና ወርቃማ አበባ ያለበት የእንግዳ ሳህንም እንዲሁ ናቸው።

ሳህኑ ደህና ሆኖ ብልጭታው ከቀኝ ግድግዳ የሚመጣ ከሆነ እዚያ ያለችውን ካርቶን የመሰለች ቡናማ ወይም ብርማ ሰሌዳ እዩ። ሚካ ትባላለች። ማግኔትሮኑ የሚያመነጨው ማዕበል ወደ ምግቡ የሚገባበትን ቀዳዳ የምትሸፍን ናት። ብዙ ሰው የማሸጊያ ቁራጭ መስላው ቀድዶ ይጥላታል፤ አይጣልም። የእኛ ምግብ ደግሞ ለሚካ ጠላት ነው። ሽሮ ሲሞቅ እየተፈናጠረ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ የቁሌቱ ዘይትና ቅቤ ሚካው ውስጥ ይሰርጋል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ የጠቆረው ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብልጭታው ይጀምራል። ገና ቅባት ብቻ ከሆነ ሶኬቱን ነቅሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ማድረቅ ይበቃል። ከጠቆረች ወይም ከተበሳች መለወጥ ነው። የማይክሮዌቭ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ሉሁን ይሸጣሉ፤ በአሮጌው ልክ በመቀስ ይቆረጣል። ሽፋኑ ሳይፈታ የምትወጣ ከሆነ ይህ ከሽፋኑ ውጭ ያለ ሥራ ነውና የቤት ሰው ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ ሽሮው ክዳን ይደረግለት። የማይክሮዌቭ ክዳን ከሌለ ሌላ የሸክላ ሳህን መድፋት ነው፤ ዙሪያውን እንዳይደፍነው ብቻ።

የተጋገረውን ለማስለቀቅ ደግሞ ቢላ አታንሱ፤ ግድግዳው ከተፋቀ ብረቱ ወጥቶ ሌላ ብልጭታ ያመጣል። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ አፍሉት፣ በሩን ሳትከፍቱ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በጨርቅ መጥረግ ነው። ሽታውም አብሮ ይሄዳል።

የዶሮ ወጥ እንቁላልን ሳላነሳ አላልፍም። ሙሉ እንቁላል፣ ተቀቅሎ የተላጠም ቢሆን፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ውስጡ ቀድሞ ይግልና እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። አንዳንዴ እዚያው ይፈነዳል፤ የባሰው ግን ወጥቶ ሲነከስ የሚፈነዳው ነው። የልጅ ፊት ሊያቃጥል ይችላል። ከማሞቃችሁ በፊት ለሁለት ክፈሉት፣ ወይም ወጡን ብቻ አሙቃችሁ እንቁላሉን በኋላ ጨምሩት። እንጀራ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ያለችው እርጥበት ስትሄድ ትደርቃለች። በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ 20 ወይም 30 ሴኮንድ ብቻ ነው።

«አንዱ ቦታ ይፈላል፣ አንዱ ቦታ በረዶ ነው» የሚለው ስሞታ ብልሽት አይደለም። የማይክሮዌቩ ማዕበል ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ የጋለና የቀዘቀዘ ቦታ ይሠራል። ሳህኑ የሚዞረው ይህንን ለማስታረቅ ነው። መሐሉ ግን ዞረም አልዞረም እዚያው ስለሆነ ምግቡን በዳር በዳር እንደ ቀለበት አድርጉት፣ መሐሉን ክፍት ተዉ፣ በግማሹ አውጥታችሁ አማስሉ። ሳህኑ መዞር ካቆመ አውጥታችሁ ከሥሩ ያለውን ባለ ጎማ ቀለበት እጠቡ፤ ዘይት ወይም የምግብ ፍርፋሪ ይዞት ነው ብዙ ጊዜ።

መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚነሳ ማይክሮዌቭ ካላችሁ ላዩ ላይ ያለውን ዳንቴል አንሱ። ዕቃን ማልበስ የእናቶቻችን ጌጥ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ማግኔትሮኑ የሚበርድበት አየር በጎንና በጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። ሲታፈን ውስጡ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ራሱን ያጠፋል። በላዩና በጀርባው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተውለት፣ መሶቡም ሌላ ቦታ ይሂድ። ማሞቁን ከጨረሰ በኋላ ማራገቢያው ለጥቂት ጊዜ ቢያጉረመርም ግን አትስጉ፤ እየበረደ ነው። በእነዚያው ቀዳዳዎች በረሮም ይገባል። ሙቀቱን ወድዶ የሰዓቱ ሰሌዳ ጀርባ ይራባል፣ ቁልፎቹም ሳይነኩ ይጮኻሉ ወይም እምቢ ይላሉ። ቀዳዳው ላይ ፍሊት መንፋት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዕቃውን ነቅሎ፣ ዙሪያውን አጽድቶ፣ የበረሮ መድኃኒቱን ከሥሩና ከኋላው ማስቀመጥ ነው።

«ጨረሩስ?» ትሉኛላችሁ፤ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የቡና ጨዋታ አያልቅም። የማይክሮዌቭ ማዕበል ከራዲዮና ከስልክ ማዕበል ወገን ነው። ውኃ ያሞቃል እንጂ ምግቡን ጨረር አመንጪ አያደርገውም፣ ሲጠፋም ውስጡ የሚቀር ነገር የለም። የበሩ መስታወት ውስጥ ያለው ወንፊት ቀዳዳው ከ12 ሳንቲ ሜትር ማዕበል አንጻር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ማዕበሉ አያልፍበትም። በአሜሪካ ሕግ የሚፈቀደው መጠን ከዕቃው 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ በካሬ ሳንቲ ሜትር 5 ሚሊ ዋት ነው፤ አንድ ሁለት እርምጃ ስትርቁ ደግሞ በጣም ያንሳል። ስልክ ውስጡ አስገብቶ መደወል እውነተኛ ፈተና አይደለም፤ ጤነኛ ማይክሮዌቭም ውስጥ ስልክ ሊጮኽ ይችላል። ትክክለኛው ፈተና በሩ ነው። ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ፣ በሩ ተጣሞ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት እንደተፈጠረ፣ መስታወቱ ወይም ወንፊቱ እንደተሰነጠቀ፣ ዙሪያው ላይ ምግብ ደርቆ እንዳይገጥም እንዳደረገው ተመልከቱ። ምግቡ ብቻ ከሆነ ይታጠብ። በሩ ከተጣመመ ወይም ክፍት ሆኖ ማራገቢያውና ሳህኑ የሚሠሩ ከሆነ ግን ሶኬቱን ነቅላችሁ በሩ እስኪጠገን ድረስ አትሰኩት።